ጫማ የሚገለበጥበት ጠረጴዛ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ጠረጴዛዬን ቀሙኝ። ሃያ ሰባት ዓመት የተኳሾችን ዕቃ የፈተሽኩበትን ጠረጴዛ፣ በአሥር ደቂቃ ስብሰባ፣ እኔ በሌለሁበት። ኦይሊ ውድድር ላይ ወድቃ እጇ ስለተሰበረ ጥፋተኛው ራውቲዮ ነው ተባለ። ራውቲዮ እኔ ነኝ።

ጠዋት እንደ ወትሮው ተነሳሁ። የአጃ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ቡና። ጫማዬን ቀባሁ። ከዚያ ኢልፖ ደወለ። የተኩስ ክለባችን ሊቀመንበር። የሳውና ምድጃ ነጋዴ ነው፤ ምን ቢናገር ቅናሽ የሚያስታውቅ ይመስላል።

«ስማ፣ ለጊዜው አረፍ እንድትል ወስነናል።»

«ደከመኝ አልኩ?»

«ተው እንጂ ራውቲዮ... ሰው ተጎድቷል። ሰው ያወራል።»

«ደንቡ ምን ይላል?»

«ደንቡን አሁን ተወው።»

ዘጋሁበት። ደንቡን ተወው የሚል ሊቀመንበር! ለስብሰባውም በነጠላ ጫማ ነው የሄደው፣ አውቀዋለሁ። የእግር ጣቱን ለዓለም እያሳየ ስለ ጫማ ፈረደብኝ።

የሆነውን በትክክል ልጻፈው። እነሱ በትክክል መጻፍ አይችሉም። ባለፈው እሁድ የክለቡ ውድድር ነበር። ኦይሊ ጠዋት ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ሽጉጧን በእንጨት ሳጥኔ ለካሁት፤ ገባ። አፎቱ ከዳሌ አጥንቷ ኋላ ነው፤ ደህና። «እግር» አልኳት። ጫማዋን ገለበጥኩ። ካርታ ይዘው በጫካ የሚሮጡ ሰዎች የሚያደርጉት ታኬታ፤ ሶሉ ላይ የብረት ጥርስ ተተክሏል። የክለባችን ደንብ፣ አንቀጽ አራት፦ ሶል ላይ ብረት ክልክል ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብረት ተኳሾች የሚሮጡበትን የድልድይ ጣውላ ይበላዋል።

«ዝናብ ሊመጣ ነው እኮ» አለች።

«ደንቡ ስለ ዝናብ አይልም።»

«አንተ ሰውዬ... እግዜር ራሱ ቢመጣ ጫማህን አውልቅ ትለዋለህ።»

«ብረት ካለው።»

ስቃ ወደ መኪናዋ ሄደች። የጎማ ሶል ያለው የሩጫ ጫማ አድርጋ ተመለሰች። አሳለፍኳት።

ሦስተኛው ዙር ላይ ዘነበ። የማስጀመሪያው ሰዓት ጮኸ። የመጀመሪያዎቹን ኢላማዎች ሁለት ሁለት ጥይት አጎረሰቻቸውና ወደ ጣውላው ድልድይ ሮጠች። ሁለተኛው እርምጃ ላይ እግሯ ከዳት። ስትወድቅ ጣቷ ከቃታው ወጥቷል፤ አፈሙዙ ጥይት ወደሚያስቆመው የአፈር ክምር እንደዞረ ነው። ሽጉጡን ጥላ በሁለት እጇ ብትደገፍ ኖሮ አትሰበርም ነበር። አልጣለችም። ግራ የእጅ አንጓዋ ብቻውን ተሸከማት። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ውድድሩ እዚያው ላይ ቆመ።

እንዲህ ነው የሚወደቀው። ከነዚያ ሁሉ ወንዶች አንዱም እንደዚያ መውደቅ አይችልም።

የነሐሴው የአገር ሻምፒዮና ቀረባት። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ስታድል የኖረች እግር... ዘንድሮ ታሸንፍ ነበር።

አዝኛለሁ? አዝኛለሁ። ሐዘን ግን ደንብ አይሽርም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

የአተር ሾርባ። ማንም አልደወለም። ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ወደ ተኩስ ሜዳው ሄድኩ። የድሮ ጠጠር ማውጫ ነው፤ አፈሩን የቆለልነው እኔና ሦስት ሰዎች ነን። ሦስቱ ሞተዋል። በሕይወት ያሉት ደግሞ አካፋ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቁም።

ጠረጴዛዬ ላይ ሳምፕሳ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመቱ ነው። የጫማው ዋጋ የወር ጡረታዬን ሩብ ይሆናል፤ ቀለሙ የሎሚ ከረሜላ። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እለፍ፣ እለፍ» ይላል። እንደ ትራፊክ።

አንዱ የተቀደደ የዝናብ ቦቲ አድርጎ አለፈ። አንዱ እንደ ነርስ ነጭ ሸራ። አንዱ ጣት ጣቱ ለብቻ የተሰፋ ጫማ... እንደ እንቁራሪት። አለፈ! ሶሉን ማንም አልገለበጠም።

«አባባ፣ ቡና ልቅዳልህ?» አለኝ ሳምፕሳ።

«ሶል አይገለበጥም እንዴ ዛሬ?»

«ሰው እናምናለን አሁን።»

«ሽጉጡንስ?»

«እሱንማ እንለካለን።»

«ለምን? እመናቸው እንጂ።»

ከኋላ አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሳምፕሳ ቀላ። ወደ ቤት ተመለስኩ። ቡናውን አልጠጣሁም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

የበጋው አጋማሽ በዓል። አገሩ ሁሉ ሐይቅ ዳር ሰክሮ ተኝቷል። እኔ ለተኩስ ፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት ገጽ። የዕለቱን ሰዓት፣ የጫማውን ዓይነት፣ የአንቀጹን ቁጥር። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ፈታሹ በደንቡ ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

በአርባ ሰባት ዓመቴ እንግሊዝኛ የተማርኩት ለዚህ ስፖርት መመሪያ መጽሐፍ ስል ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ ብቻዬን፣ በመዝገበ ቃላት። በዚያ ቋንቋ ዳቦ ስጡኝ ማለት አልችልም። አፈሙዝ ስንት ዲግሪ ሲያልፍ ሰው እንደሚባረር ግን ከእንግሊዞች በላይ አውቃለሁ። ኢልፖ መጽሐፉን ገልጦት ያውቃል? ሥዕሉን ይሆናል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ሱቅ ውስጥ ኦይሊን አገኘኋት። ክንዷ በጀሶ። ወተት በአንድ እጇ ለማንሳት ትታገላለች። አነሳሁላት።

«ፈትሸው» አለች ጀሶውን ወደ እኔ ዘርግታ። «ብረት የለበትም።»

ወተቱን እንደያዝኩ ጀሶውን አየሁት።

«ሩጫሽ ጥሩ ነበር» አልኳት።

«እሱን ለድልድዩ ንገረው።»

«እግርሽን አስፍተሽ ረግጠሻል። ጠባብ ብትረግጪ አትወድቂም ነበር።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ራውቲዮ፣ እኔ ቂም አልያዝኩብህም። አንተ ግን ይቅርታ የምትጠይቅበት አፍ የለህም።» ወተቷን ተቀብላኝ ሄደች።

ይቅርታ? በምን ጥፋት? ሰፊ ነው የረገጠችው። አሳያታለሁ። በሜትር ለክቼ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋትም። የምጠብቀው ይህንን ነበር። ሜትርና ኖራ ይዤ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ማንም የለም። ከጭነት መኪና ጎማ ቆርጬ ራሴ ሶል የሠራሁለትን ቦት ጫማዬን አደረግኩ። ተንሸራቶ አያውቅም። ያልሮጥኩበት ጭቃ የለም።

የኦይሊን እርምጃ በኖራ ልነድፍ፣ ከዚያ ትክክለኛውን እርምጃ ከጎኑ...

ሁለተኛው እርምጃ ላይ ወደቅኩ።

ሮጬ አይደለም። እየተራመድኩ። ጠባብ ረግጬ። በዳሌዬ፣ ከዚያ በክርኔ። ሰማዩን እያየሁ ተኛሁ። ዝናቡ አፌ ውስጥ ይገባል። ልነሳ ጣውላውን ስደገፍ መዳፌ ተሸራተተ። አሸተትኩት።

የጥድ ዝፍት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ዳሌዬ ጠቁሯል። ልክ እንደ ዝፍቱ።

ማን ቀባው? ማንን ነው የምጠይቀው... እኔ ነኝ። በግንቦት መጨረሻ፣ ጣውላው እንዳይበሰብስ። ብቻዬን። ማንንም አላማከርኩም፤ ከነማን ጋር ልማከር? አባቴ ጀልባ የሚቀባው እንደዚህ ነበር። አንድ ጊዜ በቂ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ቀባሁ። ሁለት ጊዜ የተቀባ አሥር ዓመት ይቆያል ብዬ። ሁለተኛው ወደ እንጨቱ አልገባም። ላዩ ላይ ቀረ። ፀሐይ ሲመታው ይጣበቃል፤ ሲዘንብበት ሳሙና ነው።

ውድድሩ በሳምንቱ ነበር።

የብረት ጥርሱ ዝፍቱን በስቶ ይይዝ ነበር። ጎማ አይበሳም። ያስወለቅኳት ደግሞ እኔ። ያን ቀን የሃያ ሁለት ሰው ሶል ገለበጥኩ። የሚረገጠውን አልረገጥኩም። ከኢልፖ እንጀምር ብል፣ ኢልፖ ሞኝ ነው። ሳምፕሳ ሰነፍ ነው። እኔስ? ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ሲፈትሽ የኖረ ደደብ።

እሁድ፣ ሐምሌ 13

ማንም አላየም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ሦስት ቀን ጣውላ ፋቅሁ። በመፋቂያ ብረት፣ ከዚያ በአሸዋ። የማይፋቀውን ነቅዬ ያልተላገ አዲስ ጣውላ መታሁ። ትንኝ በላኝ።

ሳምፕሳ መጣ። «ምን እየሠራህ ነው አባባ?»

«ጣውላ እየፋቅሁ።»

«ምን ሆኖ?»

«ቆሽሾ።»

ዋሸሁ? ዝፍት ቆሻሻ ነው ሊባል ይችላል... ይኸው፣ አሁን ደግሞ እንደ ኢልፖ መናገር ጀመርኩ።

ሳይጠየቅ መፋቂያ አንስቶ እስከ ምሳ ሠራ። ያን የከረሜላ ጫማውን አበላሸ። አንዴም አላማረረም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ከፌዴሬሽኑ መልስ መጣ። ግማሽ ገጽ። «የክለቡ ደንብ በሶል ላይ ብረት ስለሚከለክል፣ ፈታሹ ተግባሩን በትክክል ፈጽሟል።» ማኅተም አለው።

ግልባጩ ለኢልፖም ደርሶት ኖሯል። ወዲያው ደወለ።

«ወንድሜ፣ ተሳስተናል። ነሐሴ 9 ስብሰባ አለ፤ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እንጠይቅሃለን። ጠረጴዛህም ያንተው ነው። ኬክ አዝዣለሁ።»

ኬክ!

ሰኔ ላይ ይህን ስልክ ለመስማት አንድ ጣቴን እሰጥ ነበር። አሁን ወረቀቱ እዚህ ነው። እውነት ነው የሚለው። እያንዳንዱ ቃል። የጠየቅኩትን መለሰልኝ፤ ያልጠየቅኩትን ከየት ያምጣው?

ዝም ብል ጠረጴዛዬ ይመለሳል። ስሜም። ጣውላው ተፍቋል። ምስክር የለም። ይቅርታውን በልቼ፣ በኬክ አወራርጄ...

ሌላ ሰው ቢሆን ምን እለው ነበር? እኔ ፊት ቆሞ፣ ማንም ስላላየ ልለፍ ቢለኝ?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9

የክለቡ ጎጆ። አሥራ ስምንት ሰው። ኦይሊ ከኋላ፤ ጀሶው ወጥቷል፣ አንጓዋ ቀጥኗል። ዛሬ የአገሪቱ ሻምፒዮና እየተተኮሰ ነው። እሷ እዚህ ናት።

ኢልፖ ደብዳቤውን አነበበ። የሠርግ ንግግር አስመሰለው። «ታላቁ ራውቲዮ»፣ «የክለባችን ምሰሶ»። ከሁለት ወር በፊት የተነሱብኝ እጆች ሁሉ አሁን አጨበጨቡ። እነዚያው እጆች። አንዱ እንኳ ትንሽ ዘግይቶ ቢሆን ባከበርኩት።

ተነሳሁ። «ድልድዩን ዝፍት የቀባሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው። ሳልፈትሸው ሰው አስረገጥኩ። ኦይሊ የወደቀችው በዚያ ነው።»

ኢልፖ የኬኩን ቢላዋ እንደያዘ ቀረ።

«እንግዲህ... ሳታውቅ ነው እኮ» አለ።

«ሳላውቅ ነው የሚል ሁሉ በዚያ ጠረጴዛ ሲያልፍ ምን አደርገው ነበር?»

«ትመልሰው ነበር» አለ ሳምፕሳ።

«እንግዲያው ጠረጴዛውን አልቀበልም። እስከሚቀጥለው ሰኔም አልተኩስም።»

«ለዚህ የሚሆን ቅጣት በደንቡ የለም» አለ ኢልፖ።

«አሁን አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍ። አንቀጽ አራት እንዳለ ይቆያል፤ ብረት ያው ብረት ነው። አንቀጽ አምስት፦ ፈታሹ የማንንም ጫማ ከመገልበጡ በፊት፣ ጣውላውን ሁሉ በውኃ አርሶ ራሱ ይረግጣል።»

ጻፈ። እጁ ላይ ክሬም ነበረበት።

ከዚያ ወደ ኦይሊ ሄድኩ። በሰው ሁሉ ፊት። «ይቅርታ» አልኳት። አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ነበር፤ ወጣ።

ቀና ብላ አየችኝ። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሐምሌ 11።»

«ወር ሊሞላው ነው።»

«አዎ።»

«ወድቀህ ነው?»

«በዳሌዬ።»

«ጠባብ ረግጠህ?»

«ጠባብ።»

አልሳቀችም። ካፖርቷን ለበሰች። «ያንን ወር ይቅር አልልህም» አለች። «ውድቀቱን ግን ትቼዋለሁ።»

ልክ ናት። እኔም አልልም ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 6

የመጸው ውድድር። ጠረጴዛው ላይ ኦይሊ ናት፤ ሌላ ዕጩ አልነበረም። ሰው ሳይመጣ፣ ድልድዩን በባልዲ አርሳ ስትራመድበት ከሩቅ አየኋት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። አንድ ጊዜ በቂ ነበር። አልነገርኳትም።

ኢልፖን ከበሩ መለሰችው። ነጠላ ጫማ። እስከ ቤቱ ነድቶ ቀይሮ መጣ።

እኔ ኢላማ ቀዳዳ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፣ ቀለህ እለቅማለሁ። ሽጉጤ ቤት ነው። ከነዚህ ተኳሾች ግማሾቹ የሚረግጡበትን አያዩም፤ ግማሾቹ የሚመቱትን። ያናድዱኛል። አፌን ይዤ እለጥፋለሁ።

አንድ አዲስ ሰው፣ ጥርስ ሐኪም ነው አሉ፣ አጠገቤ ሲለጥፍ ቆይቶ፦ «ድሮ ጠረጴዛው ላይ አንተ ነበርክ ይላሉ። ምን ተፈጥሮ ነው የተነሳኸው?» አለኝ።

«ያ ኢላማ ላይ ሁለት ቀዳዳ ሳይለጠፍ ቀርቷል» አልኩት። ሄዶ ለጠፈ።

የሆነው ቃለ ጉባኤ ላይ አለ። የሚፈልግ ያንብበው። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር ለሰውም ሆነ ለዚህ ደብተር አንዲት ቃል አልናገርም።