ከጉድጓዱ የምታወጣኝ እጅ

ውድ ኮከብ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ እብደት ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። አርባሽን ካወጣሁ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚቆጣኝ ሰው የለም። ፊደሌ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ እንደምንም አንብቢው።

መንግሥት ሸማኔን ይደግፋል ሲባል የሰማነው እውነት ሆነ። ሕግ ወጥቷል፤ ለተደራጀ ሰው የመሥሪያ ሼድ ይሰጣል። ማኅበር የሚባል ነገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ግን ገባሁ። አልጋ ላይ ሆነሽ የፈተልሽው የመጨረሻው ልቃቂት አለ አይደል? "ጋቢ አድርገው" ያልሽኝ? እሱን ደህና ቦታ ልሥራው ብዬ ነው።

ታዲያ ሼድ የሚያገኝ ሰው ቤቱ ውስጥ መሥራት የለበትም አሉ። ሼዱን ከሚሰጠው ቢሮ ሶሲ የምትባል ልጅ መጥታ ከማየቷ በፊት፣ እግሬን አስገብቼ የምሸምንበትን ጉድጓድ በገዛ እጄ አፈር ሞላሁት። ደልድዬ ረገጥኩት። ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩሽ መሰለኝ።

ቁልፍ ተቀብዬ ሼዱን ብከፍተው ወለሉ ሲሚንቶ! ዶማ ይዤ ተመለስኩ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ራህመቶ ዶማውን ያዘብኝ።

"ጋሽ ገሠሠ፣ የመንግሥት ወለል እኮ ነው! መመሪያው መስበር ይከለክላል።"

"እግሬንስ የት አድርግ ይላል መመሪያው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሶሲ ግን አልሳቀችም። ወንበር ያለው የብረት የሽመና ዕቃ አሳየችኝ።

"አባባ፣ በዚህ ይሥሩ። ለጉልበትዎ ይሻላል፤ ሲጨርሱ ብድግ ማለት ነው።"

"በወንበር የምሠራው ምን፣ ጸሐፊ ነኝ?" ብዬ ጥያት ወጣሁ።

ኮከቤ፣ ነገሩ ኩራት ብቻ አልነበረም። ሶደሬ ፍል ውሃ ብታመላልሽኝም ይሄ ጉልበቴ አልዳነም። ሲመሽ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመሽ "ና ውጣ ሽማግሌ፣ ሥር ሳታበቅል!" እያልሽ ቀኝ እጄን ይዘሽ ትጎትቺኝ ነበር። እኔም እያወቅኩ እከብድብሽ ነበር። ከወንበር ግን ሰው ብቻውን ይነሳል።

ክረምቱ ሲገባ ልቃቂትሽን አይጥ ጀመረው። ያኔ ተሸነፍኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሠራሁት። ክርሽ አንዴም አልተበጠሰብኝም። ጥለቱን ቀጭን አደረግኩት፤ የበዛ አትወጂም።

መወርወሪያዬን ለመጨረሻ ጊዜ ወርውሬ ስጨርስ፣ ሳላስበው ቀኝ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ሶሲ በር ላይ ነበረች።

"ልርዳዎት እንዴ አባባ?"

"ተይው ልጄ፣ ላንቺ አይደለም" አልኳት።

እጄን እንደዘረጋሁ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ብቻዬን ተነሳሁ።

ሕጉ ክፉ አይደለም፤ ለጉልበቴ አስቧል። ስለ እጅሽ ማን ይንገረው?

ጋቢውን አልሸጥኩትም፣ አልለበስኩትምም። ወደ አንቺ ስመጣ ለብሼው እመጣለሁ። እስከዚያው እጅሽን አበርቺ፤ እንደ ድሮው እከብድብሻለሁ።

ሽማግሌሽ ገሠሠ
ከአዳማ