ከስር የሚነሳ በር

ውድ እኅቴ ሰኪና፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አንቺ፣ ባለቤትሽ ዐብዱረሕማንና ትንሿ ሰልማ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አለኝ። የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ገና ሳታነቢው ልትቀዳድጂው ትችያለሽ፤ አልፈርድብሽም። ስልክ ያልደወልኩት ድምፄን ስለማላምነው ነው። ቁጥርሽን ሦስት ጊዜ መትቼ ሦስቴም ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ። ስለዚህ ሰሊጥ ሊጭን ወዳለሽበት ወደ ሳንጃ ለሚወርደው ለሹፌሩ ለጌትነት ይህን ወረቀት ሰጠሁት። በእጇ ካልሰጠሃት መልሰህ አምጣው ብዬዋለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ግቢያችን በር ነው። አባባ «ከዚህ በር ከወጣሽ አትመለሺ» ካሉሽ ስምንት ዓመት ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት ታመው ሳሉ መጥተሽ አንኳኳሽ፤ የከፈተልሽ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መጥተሽ አታውቂም። በሩን በዚህ ወር ቀየርነው፤ አዲሱን ስንመርጥ የሆነውን ሳልነግርሽ ብቀር ደግሞ ዕድሜ ልኬን አልነግርሽም።

አሮጌውን በር ታስታውሺዋለሽ። ባለ ሁለት ክፋይ አረንጓዴ ላሜራ፣ አንዱ ወገኑ ወርዶ መሬት የሚፍቅ። መኪናዬን ለማስገባት ስከፍተው ሰፈሩ ሁሉ ጥርሱን ይነክስ ነበር። በሌላው ወገን ስር ደግሞ ድመት የሚያሾልክ ክፍተት አለ። አባባ በየክረምቱ «ዘንድሮ አስደፍነዋለሁ» እያሉ ሳያስደፍኑት ቀሩ።

ለመቀየር ያበቃን የእማዬ ጣት ነው። ከሱቅ ስመለስ ክላክሴን ከሰማች ልትከፍት ትወጣለች። «ተይ፣ ወርጄ እከፍታለሁ» ብላት በጄ አትልም። ኅዳር ላይ መወርወሪያውን በዳሰሳ ፈልጋ ስትስብ በሩ ድንገት ተከፍቶ ጣቷን ከግድግዳው ጋር ያዘባት፤ ጥፍሯ ወለቀ። መወርወሪያውን የምትዳብሰው ስለማታየው ነው። የዓይን ግፊት ነው አሉን። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየው ነው የተባልነው። ሰው ፊቷ ድረስ ሲቀርብ መልኩን ትለያለች፤ ራቅ ሲል ጥላ ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ስጠይቅ ሐኪሙ አቀርቅሮ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ሰልማን አላየቻትም። የልጅሽን ፊት ሳታይ ዓይኗ ቢጠፋ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታነቢያለሽ።

በአዘዞ መንገድ ቢሻው የሚባል ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጣ ሰው አለ፤ በር ይሠራል፣ ለበር ሞተርም ይገጥማል። እንደምታውቂኝ ዕቃ ስመርጥ ሻጭ አሰለቻለሁ። ራሴ ነጋዴ ሆኜ እንኳ እንደኔ ያለ ደንበኛ ሱቄ ባይመጣ ደስ ይለኛል። ወደ ጎን የሚንሸራተተውን በር ፈልጌ ነበር። ቢሻው ግን ቤት ድረስ መጥቶ ለካና አጥራችን አጭር ስለሆነ መንሸራተቻ ቦታ የለውም አለ። የሚሆነን ወደ ላይ የሚጠቀለለው ብቻ ነው።

«ሞተሩ ሁለት ዓይነት ነው» አለኝ ሜትሩን እየጠቀለለ። «አንዱ በጥቅሉ ውስጥ ይገባል፤ ድምፅ የለውም። ሌላው በጎን ይታሰርና በሰንሰለት ይስባል፤ ይሄ ይጮኻል። ግን ሸጋ ጉልበት አለው።»

«ድምፅ የሌለውን» አልኩ።

እማዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ የታሰረ ጣቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። «የሚጮኸውን አርግልን፣ ልጄ» አለች።

«ምነው እናቴ፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ያለውን ነው የሚመርጥ።»

«እኔ እንግዲህ የማይ በጆሮዬ ነው። ካልጮኸ ልጄ ይግባ ሌባ ይግባ በምን አውቃለሁ? ደግሞስ መብራት ቢጠፋ?»

«ለእሱ አያስቡ። ይሄኛው ሞተሩ ባይሠራም ሰንሰለቱን በእጅ እየሳቡ ነው የሚያነሱት።»

«በቃ እሱን ጻፍ» አለች። ጻፈ። በዚህ ቤት ክርክር እኔ መቼ አሸንፌ አውቃለሁ።

ቀጥሎ መክፈቻው መጣ። ሪሞት ይጠፋል፣ በስልክ ይሁንላችሁ አለ ቢሻው። ሞተሩ ላይ ሲም ካርድ ይገባል። የተመዘገበ ቁጥር ሲደውልለት፣ ስልኩን ማንም ሳያነሳ፣ በሩ ራሱ ይከፈታል፤ ያልተመዘገበ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢደውል ዝም ይለዋል። ደብተሩን አወጣና «የቤተሰቡን ቁጥር ንገሩኝ» አለ። የእኔን ነገርኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። እናቴ ከቤት አትወጣም።»

«አለ እንጂ» አለች እማዬ። «ጻፍ፣ ልጄ።» ዐሥር አኃዝ ሳትደናቀፍ ጠራችለት። «ስሟ ሰኪና ነው። የዚህ ቤት ልጅ ናት።»

ቢሻው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አይቶ ጻፈና ሌላ የሚለካ ነገር እንዳለው ሰው ወደ በሩ ሄደ። እሱ እስኪወጣ ድረስ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣችው ሳስብ ነበር። በስምሽ የተመዘገበ ቁጥር ስልኳ ውስጥ የለም፤ ስልኳን የምሞላላት እኔ ነኝ።

«ዓርብ ዓርብ ትደውልልኛለች» አለችኝ ሁለታችን ስንቀር። «አንተ ለጁምዓ ስትወጣ። አባትህም በሕይወት ሳሉ ሁለታችሁ ስትወጡ። ስምንት ዓመት።»

በዚህ አላበቃችም።

«መጥታ ያንኳኳች ቀን በበሩ ስር ጫማህን አይታዋለች፣ ኢምራን። ቡናማው፤ የግራው ክር ተፈትቶ ነበር አለችኝ።»

እታለም፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ እናቴ ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት።

«አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ» አለች። «እሷን ነይ ብላት የዘጋው ሰው ይክፈትልኝ ትለኛለች። አንተን ባይህ ዝም። ሁለታችሁንም የወለድኩ እኔ ነኝ፤ የማንን ልያዝ?»

እንግዲህ ልንገርሽ። ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሶላት ከተሰገደ ወዲህ ነበር። እማዬ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታለች፣ አባባ ተኝተዋል። በሩ ተንኳኳ፤ ሁለት፣ ቆም፣ አንድ። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የምታንኳኪው ነው፤ ሌላ ሰው እንደዚያ አያንኳኳም። መጥቼ እጄን መወርወሪያው ላይ አደረግሁ። «እኔ ነኝ» አልሽ። ሁለተኛም «እኔ ነኝ» አልሽ። ከዚያ ዝም አልሽ። ያ ዝምታ ጎንበስ ብለሽ ጫማዬን ያየሽበት መሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው።

የአባባን ቃል ጠበቅሁ እያልኩ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ውሸት ነው። አባባ አትክፈትላት ብለው አዘውኝ አያውቁም። ተናድጄብሽ ነው። አባባ ቃል የሰጡበትን ጋብቻ እምቢ ብለሽ ለአዋላጅነት ሥራሽ ሳንጃ ስትወርጂ፣ እጮኛሽ ቤት ይቅርታ እንድጠይቅ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ የት እንደምቀመጥ እንኳ አላውቅም። ባሕር ዳር ልቀጥለው የነበረው ትምህርት ቀርቶ ሱቁ እኔ ላይ ወደቀ። አንቺ የፈለግሽውን መርጠሽ ወጣሽ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ትንሽ ትቁም፣ እሷም ትቅመሰው አልኩ። ትንሽ ብቻ ነበር ሐሳቤ። ስከፍት የያዝሽው ባጃጅ ቁልቁል ሲታጠፍ አየሁት። አልተጣራሁም፣ አልሮጥኩም።

ይህን ባታውቂም የዘጋሁብሽ እኔ መሆኔን በጫማዬ አውቀሽዋል። የማታውቂው ይኸውልሽ። ስመለስ አባባ ነቅተው ነበር።

«በር ተንኳኳ?» አሉኝ።

«ነፋስ ነው» አልኳቸው።

«የሰኪና አንኳኳ መሰለኝ።» ጣራውን እያዩ ቆዩና «በሩን ገርበብ አርገህ ተወው፤ አትቀርቅረው» አሉ።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ባጃጁ ገና መናኸሪያ አልደረሰም። ነፋስ ነው ካልኩ በኋላ ግን ውሸቴን መመለስ አቃተኝ፤ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዐሥራ አንድ ቀን አለፈ። ዐሥራ አንዱንም ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ዋለ። እማዬ ስትጠይቀኝ መወርወሪያው ተበላሽቷል አልኳት። አባባ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ይመልሱ ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አረፉ። ለጀናዛው የመጣው ሰው ሁሉ ለአንቺ በተተወው በር ገባ።

አባትሽ በር ዘግተውብሽ እንደሞቱ አድርገሽ ኖረሻል። አልዘጉም። የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ከፍተው መጠበቃቸውንም የደበቅሁብሽ እኔው ነኝ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ እታለም። ይህን ለእማዬ ስነግራት የታሰረ ጣቷን እያሻሸች «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሷ ንገራት» አለችኝ።

ቢሻው ሥራውን ረቡዕ ጨረሰ። ግራጫ ነው፤ አያምርም፣ ይጮኻል፣ እማዬ ወዳዋለች። ቁጥርሽ ከእኔ ቀጥሎ ሁለተኛ ተመዝግቧል። ዓርብም ሆነ ሌላ ቀን፣ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም፣ መንገዱ ላይ ቆመሽ ከዚህ ወረቀት ጀርባ በጻፍኩልሽ የበሩ ቁጥር ደውዪ። የሚያነሳ የለም፣ ማን ነው የሚልሽም የለም፤ ሁለቴ ጠርቶ ይከፈትልሻል። ከእንግዲህ ወደ ቤትሽ ለመግባት የእኔን ልብ መጠበቅ የለብሽም።

የዘጋው ሰው ይክፈትልኝ ብለሻል ግን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን አትደውዪ። ሰልማን ይዘሽ ነይ፣ እንደ ድሮው አንኳኪ። ሞተሩን አጥፍቼ ሰንሰለቱን በእጄ እስባለሁ። ሞክሬዋለሁ፤ ከባድ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። በሩ ከስር ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታይሽ ያው ቡናማ ጫማዬ ነው። ፊቴ እስኪደርስ ታገሺኝ።

ወንድምሽ ኢምራን
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም