ለጽዋው እጁን የዘረጋው እንግዳ

ደምሴ፣ የቤቴ ራስ፣

አንተ ካረፍክ ይኸው ሁለተኛው ኅዳር ገባ። ነገ ሚካኤል ነው። ጠላው ደርሷል፣ ሙክቱ ከጓሮ ታስሯል፣ የበግ ጠጉር ባናዎቹንም አራግፌ መደቡ ላይ አንጥፌያለሁ። በአጥራችን ሥር የሚያልፍ ሰው እንደ ወትሮው የአዲስ አበባ እንግዶቻችንን የምጠብቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት ከእነሱ አንድም ሰው እንዳይመጣ ነው። ይህን ስትሰማ ልትቆጣ እንደምትችል አውቃለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ከዚያ ትፈርዳለህ።

አስቀድሜ የቤታችንን ወሬ። ልጃችንን ትዕግሥትን ዓለም ከተማ እህትህ ዘንድ ሰድጃታለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ እዚያ ትምህርቱ ይሻላል እላለሁ። ራሴ የሞላሌ አስተማሪ ሆኜ ይህን ማለቴ ርእሰ መምህራችንን አስከፍቶታል፤ ይከፋው። ዘንድሮ ውርጩ ገብሱን ሳይደርስ መታው። በርኖስህን ጠዋት ጠዋት እኔ እለብሰዋለሁ፤ መሬት ለመሬት ስጎትተው ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ ቀበሌው በር ላይ አንድ ላንድሮቨር ቆሟል። ሾፌሩ ሻይ ያስመጣል እንጂ አይወርድም። የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ልጆቹ እንኳ በዚያ በኩል መጫወት ትተዋል። ይህን የምጽፍልህ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው፤ ስጨርስ ወረቀቱ ወደዚያው ይገባል።

እዚህ ነገር ውስጥ የከተተን ጳጉሜ መሆኗን ታስታውሳለህ? አንተ አዲስ አበባ፣ ከቤታችን በሚበልጥ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠህ ፕሮግራም ትጽፍ ነበር። እኔ እዚህ ሀ ሁ አስቆጥራለሁ። ለበዓል ስትመጣ የምትነግረኝ ስለ ደስታህ ሳይሆን ስለ ብቸኝነትህ ነበር። ፕሮግራመሮች በአገሩ ጥቂት ናችሁ፤ አንዱ ደመወዝ ያሰላል፣ ሌላው የመብራት ሒሳብ ያወጣል፣ ሌላው ሕዝብ ይቆጥራል። ሁላችሁም የምትጣሉት ግን ከአንድ ነገር ጋር ነበር። ባዕድ የሠራው ማሽን ዐሥራ ሦስተኛ ወር አለ ቢሉት አይገባውም። አማርኛ ጻፍ ሲሉትም ይብሳል። አንዱ ላቡን አንጠፍጥፎ የፈታውን ሌላው በሚቀጥለው መንገድ ላይ እንደ አዲስ ይታገልበታል፤ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት መጠያየቅ የመንግሥት ምስጢር ማውጣት ሆኖ ይቆጠራልና። በዓመት አንድ ቀን ብንገናኝ፣ ያወቅነውን ብንለዋወጥ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ትለኝ ነበር።

ስብሰባ ለመጥራት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ስትጠይቅ ዓላማው ምንድን ነው፣ እነማን ይናገራሉ፣ ከአብዮቱ ጋር ምን አገናኘው ተብለህ ተመለስክ። ከተመለስክ በኋላ ወር ሙሉ ፊትህ አልፈታ ብሎ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን እናትህ የተዉልንን የሚካኤል ጽዋ ከቆጡ ላይ አውርደህ ስትወለውል አገኘሁህ። ማኅበርተኛ ዝክር ለመቅመስ መጣ ሲባል ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም አልከኝ። እኔም የተማረ ሰው ጉባኤ በጠላ ሊያደርግ ነው ብዬ እስኪበቃኝ ሳቅሁብህ። አሁን ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ አሳብ ሊመጣልህ አይችልም ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት የመጡት እፍኝ የማይሞሉ ነበሩ። ጣርማ በርን አልፎ፣ በአቧራና በብርድ በአውቶቡስ ተንገላትቶ ሞላሌ ድረስ ማን ይመጣል ብለህ አኮረፍክ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ነጋዴ ወጣህ። ለእያንዳንዱ የሚያሳክከውን ቦታ እያወቅህ ነበር የምትጠራው፤ ለአንዱ ጳጉሜን ያሸነፈ ሰው ይመጣል ትለዋለህ፣ ለሌላው ፊደልን በማተሚያው ያስወጣ አለ ትለዋለህ። ምንም ለማያሳክከው ደግሞ የመንዝ ሙክት አለ ትለዋለህ። ቤቱ ሞላ። የመጡት ለእውቀቱ ነው ስትል እኔ ለሙክቱ ነው እያልኩ አናድድህ ነበር። በዚያ ቀን ከቅዳሴ መልስ በየመደቡ ተደርድረው፣ ዳቦው እጃቸው ላይ ተረስቶ፣ አንዱ የሌላውን አፍ እያዩ ሲከራከሩ ሳይ ግን እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን በሕይወትህ ሳለህ አልነገርኩህም።

የማኅበሩን ሥርዓት ሳትሸራርፍ ነው የወሰድከው። በክርስትና ስማችሁ ብቻ ትጠራሩ ነበር፤ ይህ ለነፍስም ለሥጋም ይጠቅማል ትል ነበር። ቤቱ ሁልጊዜ የኛ ቤት ነው፤ ነገር ግን ጽዋውን ያነሳ ሰው የሚመጣውን ዓመት ወጪ ይሸከማል፣ እንግዶቹንም የሚጠራው እሱ ነው። ጠሪ ደግሞ የሁሉንም የዓለም ስም፣ መሥሪያ ቤትና ቤት ማወቅ አለበት። ሌላው ሥርዓት የእግዜር እንግዳ ነው። በዕለቱ ሳይጠራ የመጣ ሰው አይመለስም፤ ቦታ ይለቀቅለታል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ሁለቱ ሥርዓቶች ተገናኝተው ምን ሊወልዱ እንደሚችሉ አንዳችንም አላሰብነውም።

የመጨረሻው ኅዳርህ ላይ ከትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ አስመጣኸኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ የትኛው ማኅበር ነው ሰሌዳ የሚያስፈልገው? አንዱ ጓደኛህ ተነሥቶ ሣጥን በሣጥን ላይ እየሣለ፣ ሣጥኖቹን በቀስት እያያያዘ ማስረዳት እንደጀመረ ነው ያ ሰው በሩ ላይ የቆመው። ጋቢው ንጹሕ ነው፣ ሰላምታው ለስላሳ ነው፣ ጸሎቱን ከሁላችሁም አሳምሮ ያውቃል። ወልደ ሰንበት እባላለሁ አለ፤ ከየት ነህ የሚለው አልነበረም። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ የእሱ አነጋገር ግን አንድም የሚያዝ ነገር አልነበረውም። ሰሌዳው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ አንተ ፈጥነህ የዘር ሐረጋችን ነው አልከው፣ ሣጥኖቹ አባቶች፣ ቀስቶቹ ልጆች። እሱም ረጋ ብሎ ተመለከተው። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚመለሰውን ቀስት በጣቱ ተከትሎ፣ «በእናንተ ዘር ልጁ ተመልሶ አባቱን ይወልዳል እንዴ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

ሲመሽ ጽዋውን አንተ አነሳህ። ስለ እንግዳው ብጠይቅህ የእግዜር እንግዳ እንደ ዝናብ ነው፣ ለምን መጣህ አይባልም ብለህ አለፍከው። ብዙም ሳይቆይ ታመምክ፣ ጾሙ ሳይፈታም ቀበርኩህ። ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ። እኔም ለጠየቀኝ ጉበት ነው እላለሁ።

ጽዋህ ግን በቆጡ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ሟች ያነሳውን ሚስት ታወጣለች፤ ይህም ሥርዓት ነው። ጓደኞችህን አንድ በአንድ አሳውቀኸኝ ስለነበር ክረምቱ ላይ ጥቁሬን ለብሼ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሐዘንተኛ ሴት የማትገባበት በር የለም። ዘበኞቹ መሣሪያቸውን ወደ ኋላ እያዞሩ ነፍስ ይማር ይሉኝ ነበር። ብዙዎቹ አንተ ከሞትክ ወዲህ ልባቸው ደንግጦ ነበርና እንደ አንተ መነገድ ያዝኩ። ለፊደሉ ሰው ፊደል፣ ለጳጉሜው ሰው ጳጉሜ፣ ለሆዳሙ ሙክት። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር እንኳ እኔው ደለደልኩ፤ ሁልጊዜ የሚጣሉትን ሁለት ተከራካሪዎች ደግሞ አራራቅኋቸው። የማልገባበት ትምህርት ስለሆነ እንዳላበላሸው ፈርቼ ነበር። አላበላሸሁትም ደምሴ። ባለፈው ኅዳር ቤቱ አልበቃ ብሎ ግቢው ውስጥ ቆመው ተከራከሩ፣ ኮርቼብህ አለቀስኩ።

ያ ሰውም መጣ። ጧፍ ይዞ ነው የመጣው፣ ለነፍስህ ብሎ። ቀኑን ሙሉ ሳይናገር ጥግ ተቀምጦ ሁሉንም አዳመጠ። የማኅበሩ ቄስ አባ ክንፈ ጸሎቱን አሳርገው፣ የሚመጣውን ዓመት የሚያነሳ ማን ነው ብለው ጽዋውን ከፍ ሲያደርጉ ማንም ሳይቀድመው ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። እዚህ ድረስ መምጣቱ ለእንግዶቹ አድካሚ ነው፣ አዲስ አበባ ቤት አለኝ፣ «ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ሁላችሁንም ይይዛል» አለ። ከዚያ በፈገግታ፣ የዓለም ስማችሁንና መሥሪያ ቤታችሁን ንገሩኝና ራሴ እየዞርኩ እጠራችኋለሁ አለ። እንግዶቹ እምቢ ቢሉት ማኅበር አይደላችሁም ማለቱ ነው፤ እሺ ቢሉት ደግሞ ሰፊው ግቢ አለ።

ጽዋውን ከአባ ክንፈ እጅ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሰውየው በትሕትና እርስዎ እኮ ዘንድሮ አውጥተዋል አለኝ። ያኔ አባ ክንፈ፣ ስንት ዓመት ሲያንቀላፉ የምናውቃቸው አባ ክንፈ፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ያወጣችው የባሏን ነው። የራሷ ገና ነው። እንግዳ ደግሞ ባለቤትን አይቀድምም» አሉት። እሱም ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። «እሺ አባቴ፤ እኔ አልቸኩልም፤ ዓመት ሩቅ አይደለም» ብሎ ተቀመጠ፣ የቀረለትንም ጠላ ተረጋግቶ ጠጣ።

እንግዲህ ጠሪዋ እኔ ሆንኩ፤ መጥራቱን ትቼ ያለመጥራት ሥራ ያዝኩ። አምና ባንኳኳሁባቸው በሮች ሁሉ ዘንድሮ ተመልሼ አትምጡ አልኩ። ምክንያቱን የጠየቀኝ የለም፤ አንዳንዶቹ በር ሲከፍቱልኝ ፊታቸው የሚያውቀውን መርዶ እንደሚሰማ ሰው ነበር። ሰሌዳው ላይ ሣጥኖቹን የሣለው ጓደኛህ ግን ቢሮው አልነበረም። ለሥልጠና ሄዷል አሉኝ። የት ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ዐይኗን ከታይፕራይተሩ ሳታነሳ፣ እናቴ፣ ቢሄዱ ይሻልዎታል አለችኝ። እናቱን ላገኝ ሄጄ ነበር። የክርስትና ስሙን ስጠራላት እያለቀሰች በሩን ዘጋችብኝ።

ያሰብከው ጉባኤ በእጄ ተበተነ። ስንት ዓመት የደከምክበትን ቤት ባዶ ማድረግ እንደ ሁለተኛ ቀብር ነው የሆነብኝ፣ አልዋሽህም። ነገር ግን የጠላውን ጋን ባዶ አድርጌ ብጠብቀው ነገሩን ማወቄን ያውቃል፤ ስለዚህ ደግሻለሁ። ከቅዳሴ የሚወጡት ነዳያን ይበሉታል። አባ ክንፈም እመጣለሁ ብለዋል። አይምጡ ብዬ ለምኛቸው ነበር፤ ያለ ቄስ ማኅበር የት አለ ብለው ተቆጡኝ።

ነገ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ሰዎቹስ የት አሉ ይለኛል። ወልደ ሩፋኤል፣ ገብረ ኪዳን፣ ኃይለ መስቀል እያልኩ የክርስትና ስማቸውን እደረድርለታለሁ፤ በእነዚህ ስሞች የሚጠራ ሰው ከዚህ እስከ ዘመሮ ገበያ ሞልቷል። የዓለም ስማቸውን፣ ቢሮአቸውን፣ የሰፈራቸውን መግቢያ ግን ከክረምት ጀምሮ ከራሴ እያስወጣሁ ነው። ልጅን ፊደል እንደሚያስጠኑት ሁሉ እኔም በየቀኑ ራሴን መርሳት አስጠናለሁ። አንዳንዱ አልወጣ ብሎ ያስቸግረኛል። ከጓደኞችህ መካከል ሳቁ የሚያምረው ልጅ ስም እስከ ዛሬ ጠዋት አልወጣልኝም ነበር። አሁን የቀረኝ ሳቁ ነው።

አንተን ግን አልረሳህም ደምሴ። አንተን ማስታወስ የማያስፈራኝ አንድ ሰው ሆነሃል፤ ጮክ ብዬ ብጠራህ መጥቶ የሚወስድህ የለም። የትም ቢወስዱኝ፣ የቱንም ያህል ቢያቆዩኝ፣ ማን ጠራቸው ሲሉኝ ሙሉ ስምህን ጠርቼ ደምሰው እላለሁ። ማን ሰበሰባቸው? ደምሰው። ሰሌዳውን ማን አስመጣ? ደምሰው። ስም ስጪ ባሉኝ ቁጥር ያንተን እሰጣቸዋለሁ፣ እስኪሰለቹኝ ድረስ። የት ነው ያለው ሲሉኝም ሚካኤል ግቢ ነው፣ ሂዱና ጥሩት እላቸዋለሁ።

ያንተው በላይነሽ