ለብቻው የተቀመጠው ብርጭቆ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ትኩሳቱ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ውሸት በዝቶብኛል፤ የማክሰኞው ይበቃኛል።

እስከ መጨረሻው ሳትቆጣ ስማኝ። ማክሰኞ ጠዋት ከሐኪም ቤት ስናመጣህ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጉግሳ ገና በር ላይ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝና፣ «ልጄ፣ ድንኳኑም ወንበሩም ይመጣል። ግን ወንድምህ ማተቡን በጥሷል፤ እንደ አያቴ አይሁድ ነኝ ብሏል። ቤተ ክርስቲያን ምን ብለን እንወስደዋለን?» አሉኝ። ጎንደር ወደ አያታችን ዘመዶች ደወልኩ። ሽማግሌያቸው ስልኩ ላይ አለቀሱና፣ «በምን እንደርሳለን? እዚያው ንጹሕ መሬት ፈልግለት» አሉ።

ንጹሕ መሬት የሰጠን ሙመድ ነው፣ የፋብሪካ ጓደኛህ። «አቦ፣ ጀልዴሳ የአጎቴ መሬት አለ። መስቀል የለ፣ ጨረቃ የለ፣ ድንጋይ ብቻ። ወላሂ እኔ ራሴ እቆፍርለታለሁ» አለኝ። አንተ የፈለግኸውም ያንን ነበር። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጥህ እጄን ይዘህ «መስቀል እንዳታደርግብኝ» ብለህ አስምለኸኛል።

እኔ ግን ጀልዴሳን ሳስብ ጅብ ታየኝ። ማንም በማያውቅህ ሜዳ ላይ ብቻህን ተኝተህ ታየኸኝ። እናታችን አጠገብ እንድትሆን ፈለግሁ። «ለብቻዬ ልሰናበተው» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ቄስ ኒቆዲሞስ መጥተው ሲገልጡህ አንገትህ ላይ ማተብ አገኙ፤ ጥጓ የተሰበረ የእንጨት መስቀል ያለችበት። «የራሱ ነው?» አሉኝ። «የራሱ ነው» አልኩ። በዚያ ሙቀት የዩኒፎርሜን ኮሌታ እስከ ላይ ቆልፌ ነበር። ጋሽ ጉግሳ መሬት መሬት አዩ።

አከራያችን እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ አጠገቤ ቆመው ነበር። ያንተን ብርጭቆ ለብቻ የሚያስቀምጡት እትዬ። በስቅለት ዕለት «ጌታዬን የሰቀላችሁ!» ሲሉህ፣ «እትዬ፣ ወላሂ ያን ለት የማታ ፈረቃ ነበርኩ» ብለህ ሆዳቸውን ይዘው እስኪስቁ አሳቅሃቸው። ስቀው ሲጨርሱ ግን ብርጭቆህን ከሌሎቹ ጋር አልቀላቀሉትም። አንተም ብትሆን የፋሲካ ዶሯቸውን በር ላይ መልሰህባቸዋል። ያቺን መስቀል ለጥምቀት የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አንገትህን አዩ። አንገቴን አዩ። ከዚያ፣ «እኔ ነኝ ያሰርኩለት፣ አባ» አሉ።

እናታችን አጠገብ ተቀበርክ። ስንት ሰው መጣ መሰለህ! በሕይወት ሳለህ እጅህን መጨበጥ የፈሩ ሁሉ አለቀሱልህ። በአንድ ቀን ሁሉም ደግ ሆኑ። ቃልህን ግን ካንተ ቀድሜ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሙመድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ፤ አብሮኝ እስከ ቤት ሄደ፤ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የአብርሃም አምላክ፣ አንተም እትዬም የምትጠሩት እሱ፣ ነፍስህን ያሳርፍ። አፈሩ ይቅለልህ። በላይህ ያለው መስቀል ከከበደህ በእኔ ፍረድ፣ በእትዬ አይደለም።

ድንኳኑ ትናንት ተነቀለ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት። በሰንበትህ እሳት አይነድምና፣ እንደ ሁልጊዜው አንተ እንዳታየው ብዬ ምድጃውን ደጅ አወጣሁ። ክብሪቱን ከያዝኩ በኋላ የሚያይ ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። መልሼ አስቀመጥኩት። ባለፈው አርብ የጋገርከው ዳቦ ደርቋል፤ በውሃ እያራስኩ በላሁት።

እትዬ በአካፋ ፍም ይዘው መጡ፣ «ተነስ እንጂ ልጄ፣ ሻይህን አፍላ» እያሉ። ባዶውን ምድጃ አዩ፣ ዳቦውን አዩ። «ለካ ዛሬ ቅዳሜ ነው» አሉና ፍሙን ይዘው ተመለሱ። ይህችን ቃል አንተ እየሰማህ አንድ ቀን ቢሏት ምን ነበረበት?

ትንሽ ቆይተው ቀዝቃዛ ወተት አመጡልኝ። በራሳቸው ብርጭቆ አልነበረም፤ ባንተ ነው። ተቀብዬ ጠጣሁት።

ታናሽ ወንድምህ