ኳሷ ከክብር ወንበርዎ ፊት ለምን እንደማትጠፋ

ለተከበሩ የእግር ኳስ ክለባችን የቦርድ ሰብሳቢ፣
ባሉበት ጥላ ሥር።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ፤ ደጋፊው እንደሆነ ዘንድሮ ያልያዘው በሽታ ስለሌለ፣ ግፊቱም ጨጓራውም እንቅልፍ ማጣቱም ለሁላችን ስለተዳረሰን፣ ቢያንስ እርስዎ እንኳ ደኅና ይሁኑልን። ወንበርዎስ እንደምን ሰንብቷል? ትራሱ አልጎረበጠም? ከራስዎ በላይ ያለው ጣሪያ አላፈሰሰም? ይህን ለወግ ያህል የምጠይቅ እንዳይመስልዎ፤ የክለባችን የጨዋታ ስልት ከነተከላካዩ ከነአጥቂው የቆመው በዚያ ወንበር ላይ ስለሆነ፣ ስለ ወንበሩ ደኅንነት መጨነቅ የእያንዳንዱ ደጋፊ ግዴታ ነው።

እኔ በሙያዬ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሳይ ስለምውል ብዙ ነገር አያስደነግጠኝም፤ ባለፈው ሳምንት በክለቡ በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ሳነብ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ደሜ ፈላ። ማስታወቂያው ለዓመቱ ሽንፈት ሁሉ ዋናው ተጠያቂ አንድ የመስመር ተከላካይ መሆኑን፣ እሑድ ከጠርሙስ ፋብሪካው ቡድን ጋር በምናደርገው የመጨረሻ ጨዋታ ሳናሸንፍ ቀርተን ወደ ታችኛው ሊግ ከወረድን ደግሞ ውሉ ተቋርጦ እንደሚሰናበት ያበስራል። ያ ተከላካይ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ደጋፊው ችካል ብሎ የሰየመው ልጅ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው። እህቱ ስለሆነች ታዳላለች የሚል ቢኖር አልከራከርም፤ አዎ፣ አዳላለሁ። ነገር ግን እርስዎ ከጥላው ወገን ሆነው ሊያዩት ያልቻሉትን እኔ ከፀሐዩ ወገን ተቀምጬ አይቻለሁና፣ ቅሬታዬን እንደ ወጉ በቁጥር በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሊጉን በሁለተኛነት በጨረስንበትና እርስዎም ገና በተሾሙበት ሰሞን፣ ለተጫዋቾቹ በተዘጋጀው የራት ግብዣ ላይ ሁሉንም እየጨበጡ ሲያልፉ ወንድሜ ዘንድ ቆም ብለው፣ ይሄ ደግሞ ማነው፣ ሜዳ ላይ አይቼው አላውቅም፣ ብለው አሠልጣኙን መጠየቅዎን ምናልባት ያስታውሱ ይሆናል። ልጁ ያን ዓመት አንድም ጨዋታ አላመለጠውም ነበር። ጥፋቱ የሜዳው ነው፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ የእርስዎ ዓይን ከመሀል ወዲያ አይሻገርም፣ መነጽር ማድረግ ደግሞ ለሹመትዎ አይመጥንም። ያን ማታ ግን በአዳራሹ የነበረ ተጫዋች ሁሉ በእርስዎ ፊት ያልሮጠ እንዳልሮጠ እንደሚቆጠር ተረዳ። ውል ሲታደስ ደግሞ ስማቸውን የሚያውቁላቸው ታደሰላቸው፣ የማያውቁላቸው ሻንጣቸውን ሸከፉ፤ ወንድሜን ያተረፈው ያን ቦታ የሚፈልግ ሌላ ሰው መጥፋቱ ብቻ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ኳሷ ከወንበርዎ ፊት ጠፍታ አታውቅም።

አሠልጣኛችንም ቢሆኑ የዋዛ ሰው አይደሉም፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ቶሎ ገባቸው። በልምምድ ሜዳ ቀኝና ግራ የሚባል ቃል ከቀረ ቆይቷል። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የሚስሉት የእርስዎን ወንበር ነው፤ ከወንበሩ ፊት ያለው የሜዳው ጎን ጥላ ይባላል፣ ወዲያ ማዶ ያለው፣ እኛ ተራው ሕዝብ የምንቀመጥበት፣ ፀሐይ ይባላል። ዘጠኛችሁ ጥላ፣ በረኛው በርህን፣ ችካል አንተ ፀሐዩን ያዝ፤ ስልቱ ከዚህ አያልፍም። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ በቀኝ የነበረው ጥላ በግራ ይሆናልና፣ የሌላ ክለብ ተጫዋች በቦታው ሲቀጥል የእኛዎቹ ከነአምበላቸው ግልብጥ ብለው ጥላውን ተከትለው ይሻገራሉ፤ ወንድሜም ብቻውን እንደገና ወደ ፀሐዩ ይሄዳል። ሁሉም ማሊያ የተሰጣቸው በአንድ ቀን ነው፤ የነጣው ግን የእሱ ብቻ ነው። ወይ ጉድ!

በዚህ አጋጣሚ በፀሐዩ ወገን የምንቀመጠውን ሁሉ ወክዬ ላመሰግንዎ እወዳለሁ፤ ቡድናችን ሲያጠቃ የማየት ዕድል ባይኖረንም የተቆጠሩብንን ጎሎች በሙሉ አፍንጫችን ሥር እንድናያቸው አድርገውናል። ውዱን ትኬት የገዛ ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ቦታ አያገኝም።

ሁለተኛ። ስለ ተጋጣሚዎቻችን ጥቂት ልተንትንልዎ፤ ተጋጣሚ የሚባል ነገር መኖሩን አስተውለው ከሆነ ማለቴ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ሊገጥመን ሲመጣ አብዛኛውን ሰው ጥላው ላይ ኮለኮለ፤ እዚያ እርስ በርስ እየተረጋገጡ አንዲት ኳስ ለመንካት ወረፋ ከያዙት ልጆቻችን ኳሷን ነጠቀና አንድ ረጅም ኳስ ወደ ፀሐዩ ለቀቀ። ፀሐዩ ላይ ደግሞ ብስክሌት የሚሉት ፈጣን የክንፍ ተጫዋቻቸው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወንድሜን ይጠብቀው ነበር። ወንድሜ ብስክሌትን አስቆመው፣ ኳሷ የደረሰችውን ሁለተኛውንም ተንሸራትቶ አስጣለው፣ ሦስተኛው አገባ። ለዚያ ጎል ተጠያቂው ከሦስቱ አንዱን ያመለጠው ሰው ነው ካሉ፣ እሺ ይሁን፤ ዘጠኙ ጥላ ለጥላ የሚንሸራሸሩት ምን ሊባሉ ነው? የባቡር ሠራተኞቹ ቡድን አሠልጣኝ እንዲያውም ስለ እኛ መዘጋጀት አላስፈለጋቸውም። ስታዲየሙ በር ላይ እንደደረሱ ዘበኛውን፣ ሰብሳቢያችሁ ዛሬ ይመጣሉ ወይ፣ ብለው ጠየቁት፤ ሳይመጡ ይቀራሉ እንዴ፣ ብሎ ሲመልስላቸው ሳቅ ብለው ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። ከኋላቸው ተሰልፌ ስለነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት ለባዶ አሸነፉን፣ ሁለቱም ከፀሐዩ በኩል።

ከሜዳችን ውጪ የሆነውማ ይባስ። እንደሚያስታውሱት አንድ ጊዜ መኪናዎ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዘግይተው ደረሱ። ልጆቹ በማያውቁት ስታዲየም የትኛው ወንበር የእርስዎ እንደሆነ የሚነግራቸው ጠፍቶ፣ ወዴት እንደሚያጠቁ ግራ ተጋብተው፣ ኳሷን ወደ ኋላ ለበረኛው ሲመልሱ ሲመልሱ የአገሩ ሰው በሳቅ ሊሞት ነበር። እርስዎ ጃንጥላ ተይዞልዎ ገብተው ገና ቁጭ ከማለትዎ ኳሷ ባለቤቷን እንዳገኘች ላም ወደ እርስዎ ስትነዳ አየን። በአንጻሩ ደግሞ ጉንፋን ይዞዎት ከቤት የዋሉ ዕለት፣ እግዜር ይማርዎና፣ ኳሷ ሜዳውን ሁሉ ዞረች፣ ቀኝም ግራም ታወቀ፣ ሦስት ለባዶ አሸነፍን። ከዚህ በላይ ትንታኔ የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር ከእርስዎ ቦርድ ውጭ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሦስተኛ። አጥቂያችን ባዶ በር ፊት ለፊቱ እያየ ኳሷን ይዞ ወደ ጥላው መስመር ዞሮ ሁለት ሰው ካታለለ በኋላ ተነጠቀ። ሲጠየቅ፣ ከዚያ ብመታ አይታይም ነበር፣ አለ አሉ። ስለዚህ ልጅ ሌላ የምለው የለኝም፤ በቅርቡ አምበል እንደሚሆን አልጠራጠርም።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠውም፣ ስለ እናቴ ስለሆነ።

እናታችን ወንድሜ በታዳጊ ቡድን ከተሰለፈበት ጊዜ ጀምሮ በሜዳችን ከተደረገ ጨዋታ ቀርታ አታውቅም። ከፀሐዩ ወገን፣ ከመስመሩ አጠገብ፣ ከአሮጌ ማሊያዎቹ የሰፋችው ትራስ ላይ ትቀመጣለች። ኳሱ ብዙም አይገባትም፤ ልጇ ግን ይገባታል፣ ሲደክመው ከእሱ በፊት እሷ ታውቃለች። ማስታወቂያዎ በተለጠፈ በማግሥቱ በነበረው ጨዋታ ጎል ሲቆጠርብን ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ፣ እማማ፣ ችካልዎን ነቅለው ወደ ቤት ይውሰዱልን፣ ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሳቀ። እናቴ ዞራ ያየችው እንኳ የለም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ወጣች፣ ትራሷን ይዤላት የሄድኩት እኔ ነኝ። ያን ጎረምሳ አልቀየምኩትም፤ እሱ ያነበበውን ነው የተናገረው፣ የጻፉለት እርስዎ ነዎት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባታችን፤ ቦርድዎ አሠልጣኙን ፈራ፣ አሠልጣኙ እርስዎን ፈሩ፣ ዱላው ከሁሉም ሸሽቶ አንድ ብቻውን የቆመ ልጅና አንዲት እናት ላይ አረፈ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ እናቴ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። ሬዲዮው ስለ እሑዱ ጨዋታ ሲያወራ ፎጣ ጣል አድርጋበት ወጥ ቤት ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርቱ ነው ልጄ፣ አለችኝ፤ ሽንኩርቱ ገና አልተላጠም። ወንድሜንም፣ አንተስ ለምን አትናገርም፣ አሠልጣኙን ለምን ፊት ለፊት አትጠይቃቸውም፣ ብዬ ጮኽኩበት፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ቦታው ባዶ እኮ ነው እቴቴ፣ እኔ ብለቀው ማን ይይዘዋል፣ አለኝ። ከዚህ ሌላ ስለ እርስዎም ስለ ጓደኞቹም ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። እንዲህ ያለ ልጅ ሜዳው ላይ እያለ እርስዎ አይቼው አላውቅም ማለትዎ ያናድደኛል፣ ያንገበግበኛል፣ ሌላ ጨዋ ቃል አላገኘሁለትም።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልግባ። መጀመሪያ እሑድ ጉንፋኑ እንዲመለስብዎ ልመኝ ቃጥቶኝ ነበር፤ ሐኪም ሆኜ ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ የተሻለ ነገር ታየኝ። የጠርሙስ ፋብሪካው ቡድን እንደሌሎቹ ሁሉ ሳምንቱን የሚዘጋጀው ጥላውን ለመዝጋት ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ተጫዋቹ ሁሉ እያየዎት፣ ከወንበርዎ ይነሡ፣ ከጎሉ ጀርባ ዞረው ወደ ፀሐዩ ወገን ይሻገሩ። ዘጠኙ ልጆች ተከትለዎት እንደሚሻገሩ ራሴን አስይዛለሁ። ጠርሙሶቹ ባዶ ጥላ ሲጠብቁ እኛ በፀሐዩ በኩል እናገባለን፤ ወንድሜም ስንት ጊዜ ብቻውን ከቆመ በኋላ ኳስ የሚያቀብለው ሰው ከጎኑ ያገኛል። ክለባችንን ከመውረድ ለማዳን ከእርስዎ የሚጠበቀው ዕውቀት አይደለም፣ አመራር አይደለም፣ ይህንንማ ከእርስዎ የሚጠብቅ ሰው ከቀረ ቆይቷል፤ ከዚያ ተነሥተው እዚህ መቀመጥ ብቻ ነው።

ቦታ የለም እንዳይሉኝ። ከመስመሩ አጠገብ አንድ ቦታ ባዶ ሆኗል፣ ትራስም አለው። የቦታው ባለቤት እናቴ እስከ ዛሬ ማንም እንዲቀመጥበት ፈቅዳ አታውቅም፤ እኔን ልጇን እንኳ ተነሽ ትለኛለች። ትናንት ማታ ለእርስዎ ይሁን ወይ ብዬ ስጠይቃት ግን ጥቂት አሰበችና፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ከዚያ ሆነው ልጄ ይታያቸዋል፣ አለችኝ።

የማይነቃነቀውን ወንበርዎንና የማይሰፋውን ዕይታዎን ፈጣሪ ዕድሜ ሰጥቶ እንዲያቆይልዎ እየተመኘሁ፣ ላቅ ያለ አክብሮቴን ከሩቅ፣ በማይታይዎት በኩል፣ አቀርባለሁ።

የችካል ታላቅ እህት፣
ከፀሐዩ ወገን።

ማስታወሻ፦ ጥርስዎን ያመመዎ ዕለት ክሊኒኬ ለእርስዎም ክፍት ነው፣ አይስጉ። በቦርድዎ አሠራር ቢሆን ኖሮ ብቻውን ቆሞ የሚያኝክልዎትን ጤነኛውን ጥርስ ነቅዬ ጥፋቱን በርዎ ላይ እለጥፍበት ነበር። እኛ ዘንድ የሚነቀለው የበሰበሰው ነው፤ እሱን ለማግኘትም ታካሚውን ማንም ይሁን ማን ከጥላ አውጥተን መብራት ሥር እናስቀምጠዋለን።