ባለ አራት አልጋው ክፍል

አሰላ፣ ግንቦት 1965 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ፈቃደ፣

እንደ ወጉ ጤንነትህን ጠይቄ መጀመር ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ለልጅህ ክርስትና ድሬዳዋ እንድንመጣ የጻፍከው ደርሶናል። ናዝሬት ወርደን የማታውን ባቡር እንድንይዝ፣ ባለ አራት አልጋ ክፍል እንደምታስይዝልን፣ የባቡሩ ሠራተኛ ስለሆንክ ለቤተሰብ ቅናሽ እንዳለህ፣ ሁሉንም አስረድተኸናል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «በዚህ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የለም፤ ክፍሉ የእናንተ ብቻ ነው» ብለሃል። እዚያች ላይ ስደርስ ያኔም ሁሉን ታውቅ እንደነበር ገባኝ።

አምና በጥር ለሠርግህ ስትጠራንም ዕቅዱ ይኸው ነበር። እማዬ፣ እኔና አጎታችን ጋሼ ወልደጻድቅ ናዝሬት ላይ ስምህን ብቻ እንድንጠራ ነበር ያዘዝከን። ያን ሰሞን እማዬን ባየሃት። ባቡር ተሳፍራ አታውቅም፤ ተኝቶ መጓዝ የሚባለው ነገር ጭራሽ አልዋጥላት አለ። ድሬዳዋ ዘመድ ያላት ጎረቤታችን አደ ሀሊሜ ነበረች አስተማሪዋ።

«ከላይ የሚተኛው ሰው ባቡሩ ሲጠመዘዝ አይወድቅም?» ትላታለች እማዬ።

«መከለያ አለው። ለማንኛውም አንቺ ከታች ተኚ፤ ላይኛውን ለአሰፋች ስጫት።»

«ወልደጻድቅ ደግሞ ያንኮራፋል። እዚያ ውስጥ መሸሻ የለ።»

«አብሽሪ፣ የባቡሩ ጩኸት ይበልጠዋል።»

ይሳሳቃሉ። እማዬ ከዲክሲስ ገብስ አስመጥታ ጭኮ ሠራች፤ ቅቤውን አደ ሀሊሜ አነጠረችላት። «ሙሽሪት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ቀምሳው አታውቅ ይሆናል» እያለች ባለ ክዳኑን ዕቃ እስካፉ ሞላችው።

ባቡሩ ናዝሬት የገባው መሸት ሲል ነው። ጋሼ ወልደጻድቅ ስምህን ጠራ። ቲኬት ተቆጣጣሪው ግራ ገባው። «የፈቃደ ቤተሰብ? እነሱማ ከአዲስ አበባ ተሳፍረዋል» አለን። ትሁት ሰው ነበርና ይዞን ሄዶ በሩን ከፈተልን። አራቱም አልጋ ተይዟል። የሙሽራዪቱ እናት፣ አክስቷና ሁለት እህቶቿ ነበሩ።

እናትየዋ ከታችኛው አልጋ ቀና ብለው «እናንተም የልጃችን ሠርገኞች ናችሁ?» አሉ።

«እኛማ ዘመዶቹ ነን» አለ ጋሼ ወልደጻድቅ።

ሴትዮዋ ደስ አላቸው። «እኔን! ምስኪን፣ ዘመድ የለኝም ነበር ያለን። እናቴ የሞተችው በልጅነቴ ነው ብሎ ሲያጫውተን እኮ አልቅሻለሁ። በእናቱ ቦታ እኔን ያስገባኝም ለዚህ ነው።»

ፈቃደ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረህ የለም፤ እኔ ልንገርህ። ጋሼ ወልደጻድቅ አፉን ሊከፍት ሲል እማዬ ክንዱን ጨምቃ ያዘችው።

«አዎ እመቤቴ፣ ነፍሷን ይማር» አለች። «ጎረቤቶቿ ነበርን። ይህችን ጭኮ ለሠርጉ ለማድረስ ነው የመጣነው እንጂ እኛ አንሄድም።»

ዕቃውን በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። ሴትዮዋ ከአልጋቸው ተነሥተው ሳሟት። «ከማን ነው ልበለው?» ሲሏት «ከአሰላ በሉት፤ ያውቀዋል» ብላ ወረደች።

ለምን ጠርተኸን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። መጀመሪያ ስትጽፍልን ከልብህ ነበር እላለሁ፤ ኋላ ነው የፈራኸው። ታዲያ አንድ ቴሌግራም ልከህ ብታስቀረን ምን ነበረበት?

እማዬ ባቡሩ ከሄደም በኋላ አላለቀሰችም። «አሁን ብንመለስ አሰላ ምን እንላለን?» አለች ብቻ። ከመናኸሪያው ጀርባ አልጋ ተከራይተን፣ ሠርጉም መልሱም እስኪያልፍ ናዝሬት ተደብቀን ሰነበትን። የአሰላ ነጋዴ እንዳያየኝ ብላ ከበር አልወጣችም። ጋሼ ወልደጻድቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ከዚያ ወዲህ ስምህን አንሥቶ አያውቅም።

አገሯ ስትገባ ሠርግህን በወሬ ደገሰችው። የሙሽሪትን ቀሚስ፣ የሚዜዎቹን ጭፈራ፣ የድሬዳዋን ሙቀት፣ ባቡር ላይ እንዴት እንደተኛች፣ ሁሉንም ከራሷ አውጥታ ለመጣው እንግዳ ትተርክ ጀመር። እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ «አዎ፣ እንደዚያ ነበር» እላለሁ። አንተ ደግሞ ሰንበት ብለህ «ናዝሬት ላይ ሳትሳፈሩ ቀራችሁ አሉኝ፤ ምነው?» ብለህ ጻፍክልን። ምነው አልክ? ጭኮውን ማን ሰጠን ብለው ነበር ያመጡልህ?

አንድ ቀን አደ ሀሊሜ ወሬውን እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «የሙሽሪትንስ ሰማሁ። ፈቃደ ሲያይሽ ምን አለሽ?» አለቻት።

እማዬ ለሁሉም ነገር መልስ ነበራት፤ ለዚህ አጣች። አንተ እናትህን ስታይ የምትለውን ልትፈጥርልህ አልቻለችም። አደ ሀሊሜ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ «ዛሬ ብርዱ በርትቷል» አለችና የራሷን ፎጣ ደርባላት ወጣች። ዳግመኛ ስለ ሠርግህ ጠይቃት አታውቅም። ሌላ ሰው ሊጠይቅ ሲል እንኳ ፈጥና ወሬ የምትቀይረው እሷ ናት።

የአሁኑን ደብዳቤህን ትናንት አነበብኩላት። የልጁን ስም ደጋግማ አስጠራችኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ፊቷ በራ። ስለ አልጋውና ስለ ቅናሹ የጻፍከውን ገብስ እየለቀመች ሰማች። ስጨርስ «ሚስቱ ስለ እኔ ምን ታውቃለች?» አለችኝ።

«እሱን አልጻፈም» አልኳት።

«እንግዲያ ማን ነኝ ብዬ ነው የምገባው? የሞተ ሰው ክርስትና አይጠራም» ብላ ወደ ገብስ ለቀማዋ ተመለሰች።

ስለዚህ አንመጣም፤ ክፍሉን አታስይዝ። የልጅ ልጇን ልታሳያት ከፈለግህ ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ አንተ ና። ከናዝሬት አውቶቡስ በቀን ይነሣል፤ አቧራ አለው፣ መተኛ የለውም፣ ግን እደጃችን ያደርሳል። ስትገባ ለሚስትህ «እናቴ ይህች ናት» በላት። ሌላ ይቅርታ አንጠይቅህም። ይህን ለማለት ካልደፈርክ ግን መጻፍህንም ተወው። የምትጽፈውን የማነብላት እኔ ነኝ፤ ሳነብላት ፊቷን የማየውም እኔ ነኝ።

እህትህ አሰፋች፣
በሕይወት ካለችው ከእናትህ ከበቀለች ቤት