ከመቶ ሠላሳ ስምንት ያገኘው ጫማ

ለውድ ታናሽ እህቴ፣ ለቁንጥንጤ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። አንቺ እንዴት ነሽ? ዳሌሽስ? ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል ያልሽው ቦታ ተወሽ ወይስ አሁንም አለ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ልጅሽና ሚስቱ፣ ትንሿ የልጅ ልጅሽም ደህና ናቸው? ባለፈው ደብዳቤዬ አምስት ነገር ጠይቄሽ የመለስሽልኝ ሁለቱን ብቻ ነው። ስለ ዳሌሽ የጻፍሽው «ደህና ነው» ብለሽ ነው፤ ይህ መልስ አይባልም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ጤነኛ ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን እየተሻለው ነው፤ አሁን ደረጃውን የሰው እጅ ሳልይዝ እወርዳለሁ።

የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቲኬቱ ተቆርጧል። ሦስት ሳምንት እቀመጣለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ለዕረፍት ነው የምትሄጂው፤ እረፊ» ይለኛል። ጉልበቴን የምታሠራኝ የሆስፒታሏ ልጅ ግን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ካልተራመድኩ የስድስት ወር ልፋታችን ገደል እንደሚገባ ነግራኛለች። ይህን ስጽፍልሽ ምን ብለሽ መለስሽልኝ? «አንቺ ተራመጂ፣ እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ አይሻለሁ። ለመንገድ የሚሆን ጫማም የለኝም።» ልጅሽ ደግሞ በስልክ የነገረኝ ሌላ ነው። ደረጃው ላይ ከወደቅሽ ስምንት ወርሽ ነው፤ ሐኪሙ አጥንትሽ ገጥሟል ካለሽ አምስት ወር አልፏል፤ ከግቢው በር ግን አንድ ቀን አልወጣሽም። ይህን ይዘሽ ቆዪኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሻንጣዬ ያቺው ቡናማዋ ናት። ለእናንተ የተዘጋጀው ነገር ሞልቷት የቀረው ቦታ ለአንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ነው የሚበቃው። በእግሬ የማደርገው እንደ ወትሮው ጥቁሩን የክት ጫማ ነው፤ በስፖርት ጫማ ሰው ቤት አይገባም ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ መምረጥ ነበረብኝ። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነበሩ፦ ሳስተምር አደርገው የነበረው ባለማሰሪያ የቆዳ ጫማ፣ ሰማያዊው ሸራ ጫማ፣ እና ምራቴ የገዛችልኝ ሶሉ ብርቱካንማ የሆነ ነጭ የስፖርት ጫማ።

በግምት እንደማልሠራ ታውቂያለሽ። ደብተር አወጣሁ፣ በማስመሪያ አሰመርኩ። እያንዳንዱን ጫማ በተመሳሳይ መንገድ ሦስት ሦስት ጠዋት ሄድኩበት፦ ከበራችን እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያ ኳስ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሬ ወደ ቤት። ላለማንሸራተቱ ሃያ አምስት፣ ለስፋቱ ሃያ አምስት፣ ለክብደቱ ሃያ አምስት፣ ለመልኩ ሃያ አምስት። ቆዳው ስልሳ አንድ አገኘ፤ ክብደቱ ጣለው። ሸራው ሰባ አራት አገኘ። የምራቴ ጫማ ሠላሳ ስምንት። ጣቶቼን አጣጥፎ ይይዛቸዋል፤ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ እንደ ሽመላ አንድ እግሬን አንሥቼ አረፍኩ።

ምሳ ላይ ደብተሩን አሳየኋቸው። ምራቴ ከሥራ እየወጣች ሦስት ሱቅ ዞራ ነው ያገኘችው። አየችና «የጫማው ቁጥር እኮ ያሉኝ ነው እማማ፣ ሠላሳ ዘጠኝ» ብላ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች፤ የልጄ ሳህን ላይ ምግብ ነበረበት። ልጄ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ፣ «ማካካሻ ፈተና የለውም?» አለ። በእኔ ክፍል ማካካሻ ኖሮ አያውቅም አልኩት። ነገር ግን የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጫማውን በፌስታል ከትቼ፣ ለማንም ሳልናገር፣ እንዲያሰፋልኝ ወደ ጫማ ሰፊው ሄድኩ።

ጫማ ሰፊው እጁን ከተተና እኔ የጠቀጠቅኩትን ጋዜጣ አወጣ። «ይሄ የእርስዎ ነው» አለኝ። እንደገና ከተተ። አሁን ወደ ጥግ ጥግ ሲቆፍር ቆየና ከጫፉ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነጭ ወረቀት መዞ በመዳፉ ላይ አስቀመጠው። «ይሄ ደግሞ የፋብሪካው ነው። እናቴ፣ ይሄን ይዘው ነው የሄዱበት?» ሦስት ጠዋት አልኩት። መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ። በሌላኛውም እግር ውስጥ መንትያው ተገኘ።

ጥፋቱ ከወዴት እንደመጣ አንቺ ወዲያው ይገባሻል። የአዳሪ ቤታችን ኃላፊ እመት ደወል በየማታው ጫማችንን በወረቀት አስጠቅጥቃ አልጋችን ሥር ታስደረድረን አልነበረም? አንቺም እስካሁን ሳትጠቀጥቂ እንደማትተኚ አውቃለሁ። አዲሱ ጫማ የመጣ ዕለት ከካርቶኑ አውጥቼ፣ ውስጡን ሳላይ፣ ወረቀቴን በፋብሪካው ወረቀት ላይ ጠቀጠቅኩበት። ጠዋት ጠዋት የማወጣው የራሴን ብቻ ነበር።

ሦስት ጠዋት ደግሜ ሄድኩበት፤ ዘጠና አንድ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ምራቴን ጠርቼ ሠላሳ ስምንቱን በፊቷ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና ይቅርታ ጠየቅኋት። በአርባ ዓመት የማስተማር ዘመኔ የሰጠሁትን ውጤት የሰረዝኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ቁጥሩን አየችና «ዘጠኙን ምን በላው?» አለችኝ። ብርቱካንማው አልኳት። ሳቋ ጎረቤት ተሰማ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ። የእኔና የአንቺ እግር ከልጅነታችን አንድ ቁጥር ነው። አዳሪ ቤት ሳለን አንድ የስፖርት ጫማ ለሁለት እንደነበረን አትረሺም፤ ማክሰኞ የእኔ፣ ሐሙስ የአንቺ። እኔ ጠርጌ አስረክብሽ ነበር፤ አንቺ ግን ማሰሪያውን ሳትፈቺ ከነጭቃው ትወረውሪልኝ ነበር። ቁንጥንጥ ያሉሽም ለዚያው ነው፤ ከሜዳ በደወል የማትመለሺ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አሁን በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች ብዬ ላስብሽ ብሞክር አልሆነልኝም።

ስለዚህ ዘጠና አንዱ ያንቺ ነው። እኔ ሰባ አራት ይበቃኛል። ለምራቴ ነገርኳት፤ ስጦታዬን ለሰው ሰጡብኝ ትላለች ብዬ ስፈራ፣ ደብተሩን አምጥታ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። «ውጤቱን እሳቸውም ይሙሉበት» አለች። ሻንጣዬ ያው ለአንድ ጥንድ ስለሆነች ያንቺ ጫማ ከውስጧ ይሆናል፤ እኔ ሰማያዊውን ሸራ ጫማ በእግሬ አድርጌ እመጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በስፖርት ጫማ ሰው ቤት ልገባ ነው። እመት ደወል ይህን ሳታይ ማለፏ ደግ ሆነ።

ቅዳሜ እደርሳለሁ፣ እሑድ አርፋለሁ። ሰኞ ጠዋት ልክ በአንድ ሰዓት ደረጃው አጠገብ ካልሲሽን አድርገሽ ጠብቂኝ። በመጀመሪያው ቀን የምንሄደው እስከ ግቢው በር ብቻ ነው፤ ክንዴን ትይዣለሽ፣ እኔም ያንቺን እይዛለሁ። በሩን የምንከፍተው ማክሰኞ ነው። ጫማ የለኝም እንዳትዪኝ፤ የራሴንም ወረቀት ከሁለቱም እግር አውጥቻለሁ፣ እስከ ጫፉ እጄን ከትቼ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

ለልጅሽ፣ ስልክ ስለደወለልኝ ምስጋናዬን አድርሺልኝ፤ አትቆጪውም። ለሚስቱ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አልጋዬን ከመስኮቱ አርቃ ታንጥፍልኝ። የልጅ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ በር ላይ ቆማ ስንት እርምጃ እንደሄድን የምትቆጥርልን እሷ ናት። ልጄና ምራቴ እጅ ነሥተዋል።

ታላቅ እህትሽ

ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን